«ያለዚህ አይሰሙሽም» ለተባለችው እጩ መምህርት

«ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ረጅም ዘመን እንዳስተማሩ ስለማውቅ ነው የምጽፍልዎት። 21 ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። መምህራን ኮሌጅ የሒሳብ ሠልጣኝ ነኝ። በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤያለሁ። የደረሰኝ 3ኛ ክፍል ነው። የከሰዓት ፈረቃ፣ 61 ልጆች። ክፍሉ የሚማረው በአማርኛ ነው፤ ግን ብዙዎቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ነው የሚናገሩት።

ድምፄ ቀጭን ነው። ከኋላ ያሉት አይሰሙኝም፣ ስጮህ ደግሞ ይስቃሉ። የክፍሉ መምህር አለንጋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ‹ያለዚህ አይሰሙሽም› ብለውኝ ወጡ። ኮሌጅ ከመምህር የሚጠበቀውን ክህሎትና እሴት ተምረናል። ዝርዝሩን በቃሌ እወጣዋለሁ፣ ፈተናውንም ደፍኜዋለሁ። ክፍል ስገባ ግን አንዱም አይመጣልኝም። እውነቱን ለመናገር መምህርነትን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ውጤቴ ነው የመረጠልኝ። ከኔ የሚጠበቀው በትክክል ምንድን ነው? ልቀጥል ወይስ ሳይመሽ ልተወው?»

የሳቢያኗ ልጅ፣ መጀመሪያ ይቺን «እርስዎ» ተያት። ደብዳቤሽን ሳነብ «እውን ይቺ የድሬ ልጅ ናት?» ብያለሁ። እዚህ አገር ሽማግሌውም «አንተ» ነው፣ ሹሙም «አንተ» ነው። ኮሌጁ ነው መሰለኝ ያበላሸሽ።

ወደ አለንጋው እመለሳለሁ። ከሱ በፊት ለማንም ጽፌው የማላውቅ ነገር ልንገርሽ።

እኔ የሠለጠንኩት በደርግ ጊዜ ነው፣ ሐረር መምህራን ማሠልጠኛ። ሥልጠናው ያኔ አንድ ዓመት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ጠመኔሽንና ስም መጥሪያሽን ይዘሽ ክፍል ትገቢያለሽ፣ አለቀ። የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከድሬ ብዙ አይርቅም። በዚያ ዘመን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በየትም ቦታ በአማርኛ ነበር። ልጁ ቤቱ ምንም ይናገር፣ የክፍሉን ደጃፍ ካለፈ አማርኛ ነው።

አንድ ልጅ ነበረኝ። ዝምተኛ፣ ደብተሩን በጋዜጣ ሸፍኖ የሚይዝ። ቁጥር አጽፋቸዋለሁ። «ሀያ አምስት» ስል 52 ይጽፋል። «ሠላሳ ሁለት» ስል 23 ይጽፋል። ሞኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እናቱ ሻይ ትሸጥ ነበር፣ እሱ ነው መልስ የሚመልስላት። ሳንቲም ሲቆጥር አይሳሳትም። እኔ ክፍል ሲገባ ግን ቁጥሩ ይገለበጥበታል። «አውቆ ነው፣ እያሾፈብኝ ነው» አልኩ። በማስመሪያ ጣቶቹን መታሁት። አንድ ቀን ብቻም አይደለም።

ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። አንዲት ሶማሌ እናት ሎሚ ለአንዱ ነጋዴ እየቆጠረች ታስረክባለች። ጮክ ብላ ነው የምትቆጥረው። «ሸን ኢዮ ለባታን» አለች። ሸን አምስት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለባታንም ሀያ እንደሆነ አውቃለሁ። ድሬ አድጎ ይህን የማያውቅ የለም። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በጆሮዬ ብቻ ነበር የሚያልፈው። አምስትና ሀያ። አምስቱ ቀደመ። እዚያው ሎሚው መሀል ቆሜ ቀረሁ።

ሶማልኛ ቁጥሩን ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤት ነው የሚጀምረው። 32 ሲባል «ለባ ኢዮ ሶዶን» ነው፣ ሁለትና ሠላሳ። ልጁ «ሀያ አምስት» ያልኩትን በሆዱ ወደ እናቱ ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ከዚያ በሰማው ቅደም ተከተል ይጽፈዋል። 52። አላሾፈም። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሥራ ይሠራ የነበረው እሱ ነው።

ሰኞ ዕለት የእንጨት ስንጥር ይዤ ገባሁ። አሥር አሥሩን በክር አሰርኩ። «ሁለት እስርና አምስት ፍንካች» እያልን በሁለት ሳምንት ተስተካከለ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም። በዚያ ዘመን አስተማሪ ተማሪን ይቅርታ አይጠይቅም ነበር፣ እኔም ልማዱን ተደገፍኩበት። ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ሃምሳ ሊሞላው ነው።

ይህን ያወራሁልሽ ለምን መሰለሽ? «ዝርዝሩን በቃሌ እወጣዋለሁ» ስላልሽኝ ነው። እኔም በቃሌ እወጣው ነበር። ፍትሐዊነት፣ ትዕግሥት፣ ለተማሪ ክብር መስጠት። ክፍል ስገባ ሁሉም ልቤ ውስጥ ነበረ፣ ልጁ ግን ተመታ። የጎደለኝ ደግነት አልነበረም። አንድ ጥያቄ ነው የጎደለኝ፤ «እንዴት አሰብከው?» የሚለው። ኮሌጅ ክህሎቱን በአንድ ገጽ፣ እሴቱን በሌላ ገጽ ነው የሚያስተምሩሽ። ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። ፍትሐዊ መሆን የምትፈልጊ ሰው ብትሆኚም፣ የልጁ ስህተት ከየት እንደመጣ ማንበብ ካልቻልሽ ትበድይዋለሽ። እኔ አድርጌዋለሁ።

አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ይህ ይቀልሻል። ነገ 52 ሲቀነስ 38 ስጫቸው። አንዳንዶቹ 26 ብለው ያመጡልሻል። ኤክስ አድርገሽ አትለፊው። ልጁ ከ8 ላይ 2፣ ከ5 ላይ 3 ቀንሶ ነው። ማለትም በየቤቱ ከትልቁ ላይ ትንሹን አንስቷል። አልተዘበራረቀበትም፣ የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉ ነው የተሳሳተው። አሥር ቤት ሄዶ መበደር እንዳለ ሰምቶ ይሆናል፣ ለምን እንደሚበደር ግን አልገባውም። ስንጥሩን ፈትተሽ ስታሳዪው ራሱ «አሃ!» ይላል። ያቺን «አሃ» አንዴ የሰማ ሰው፣ ውጤቱ መርጦለት ቢገባም አይወጣም። እኔ እንደዚያ ነው የቀረሁት።

ስለ ቋንቋው ደግሞ፣ ዛሬ ከኔ ዘመን ይሻላል። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል። ድሬ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። ቢሆንም መጋላና ገንደ ቆሬ ያደገ ልጅ በአንድ ቋንቋ ታጥሮ አይቀመጥም። የአማርኛው ክፍል ውስጥም ሦስቱም ይገኛሉ። አንቺ ሦስቱን አቀላጥፈሽ እንድትናገሪ ማንም አይጠብቅም። ቁጥሩን፣ ሰላምታውንና «ገባህ?» የሚለውን ግን መቻል አለብሽ። ኦሮምኛ እንደ አማርኛ ከአሥር ቤት ነው የሚጀምረው፣ 25 «ዲግደሚ ሸን» ነው። ሸን በኦሮምኛም በሶማልኛም ያው አምስት ነው። አንድ ቀን አምስት ጠጠር ይዘሽ ሦስቱንም ቋንቋ አስቆጥሪያቸው። «የኛም ሸን! የኛም ሸን!» ሲባባሉ ዝም ብለሽ ስሚ።

አሁን አለንጋው።

መምታት ክልክል ነው። ይህን የምልሽ ደግ እንድትሆኚ ብዬ አይደለም፤ ሕግ ስለሆነ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ጽፏል። የወጣው በ1987 ነው፣ አንቺ ከመወለድሽ በፊት። እና ያ አለንጋ ከአንቺ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ሕግ እየጣሰ ነው ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው። ጆሮ መቆንጠጥም፣ ፀሐይ ላይ ማንበርከክም ያው ነው። በድሬ ፀሐይ ማንበርከክ ደግሞ እንዲያውም ይብሳል።

ከመምህሩ ጋር ግን አትጣዪ። የልምምድ ውጤትሽ በእጃቸው ነው፣ ከዚያም በላይ ምናልባት ሰላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ልጆቹ ፊት አንድም ቃል እንዳትናገሪ። ከክፍል ውጪ «ቲቸር፣ በኔ ክፍለ ጊዜ እንደተማርኩት ልሞክረው፣ ካቃተኝ ትነግረኛለህ» በይው። (አየሽ፣ እሱንም «አንተ» ብያለሁ። አንቺ እንደለመድሽው በይ።) አለንጋውን አጣጥፈሽ በክብር መልሺለት። ጠረጴዛው ላይ እንዲቆይ አትፍቀጂ። ባትነኪውም ልጆቹ እሱን እያዩ ነው የሚውሉት።

ስለ ድምፅሽ አብሽሪ። ከጮሁት ይልቅ ዝም ያሉ አስተማሪዎች ክፍል ሲቆጣጠሩ አይቻለሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍሽ አታውሪ፤ ጀርባሽን ሰጥተሽ የምትናገሪው ቃል በሙሉ ለግድግዳው ነው። ጽፈሽ ጨርሺ፣ ዙሪ፣ ቁሚ፣ ከዚያ ተናገሪ። ከኋላ ያሉት ካልሰሙሽ አንቺ ወደ ኋላ ሂጂ። አስተማሪ ሰሌዳው ሥር ይቁም ያለ የለም። ለ3ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ማጨብጨብ ይሠራል፤ አንቺ ሦስት ጊዜ ታጨበጭቢያለሽ፣ እነሱ ሦስት ጊዜ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ጸጥታ። መጀመሪያ ቀን ይንጫጫሉ። በአራተኛው ቀን ይገባቸዋል።

ገና ሲገቡ የሚሠሩት ነገር ሰሌዳው ላይ ይጠብቃቸው። ሁለት ጥያቄ ይበቃል። 61 ልጅ ሥራ ፈቶ ለአምስት ደቂቃ ከተቀመጠ አንቺ አይደለሽም፣ የሐረር ጅብ ቢመጣም ጸጥ አያሰኛቸውም። የከሰዓት ፈረቃ መሆኑንም አትርሺ። ግንቦት ላይ ቆርቆሮው ሲግል፣ ምሳ በልቶ የመጣ ልጅ ዓይኑ ይከደናል፤ ምሳ ሳይበላ የመጣ ልጅም ዓይኑ ይከደናል። በዚያ ሰዓት ረጅም ገለጻ አታብዢ። አስነሺያቸው፣ ይቁጠሩ፣ ጠጠር ይልቀሙ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይጠያየቁ።

ስማቸውን አጥኚ። አቀማመጣቸውን ወረቀት ላይ ሳይና በቀን አሥር አሥር ያዢ። በስድስት ቀን ስልሳ ይሆናሉ፣ ስልሳ አንደኛውን በሰባተኛው ቀን። እናቱ እንደምትጠራው ጥሪው፣ እንዳንቺ አፍ አመቺነት አይሁን። «አንተ ቀይ ሹራብ» የተባለ ልጅ ለምን ይሰማሻል?

ሌላም አለ፣ ትንሽ ይመስላል። ጥያቄ ስትጠይቂ ስንት ጊዜ ትጠብቂያለሽ? ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው መልስ እስኪመጣ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው የሚጠብቁት። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። የኛን ክፍል አስቢው። ሦስት ልጆች «ቲቸር! ቲቸር! እኔ!» እያሉ ጣታቸውን ዓይንሽ ውስጥ ይከታሉ። አንቺም ለነሱ ትሰጫለሽ፣ ትምህርቱ የገባ ይመስልሻል። ያኔ ጥያቄሽን ወደ ሶማልኛ እየመለሰ ያለው ልጅ ገና መንገድ ላይ ነው። ከጠየቅሽ በኋላ በሆድሽ እስከ አራት ቁጠሪ። በጣም ረጅም ዝምታ ይመስልሻል። ቻይው።

ወደ ዕቅድ ልምጣ። ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ለሱፐርቫይዘር ተብሎ የሚጻፍ ነገር ሆኗል። የዓምናውን ገልብጠው ቀኑን ብቻ የሚቀይሩ አውቃለሁ፣ እኔም አንዳንድ ዓመት ከነሱ አንዷ ነበርኩ። እንዲህ አስቢው። ሳትዘጋጂ የገባሽበትን ትምህርት ማን ይከፍለዋል? ከዚራ ያለው፣ ቤቱ አስጠኚ የሚመጣለት ልጅ አይደለም። እሱ ማታ ይማረዋል። የሚከፍለው ከትምህርት ቤት በኋላ ሳምቡሳ የምትሸጠው ልጅ ናት። ለሷ ያቺ 40 ደቂቃ ናት የሒሳብ ትምህርቷ፣ ሌላ የላትም። «ፍትሐዊነት» የሚለውን ቃል ፈተና ላይ ስትጽፊ ይህን አስበሽ ነበር? እኔ አላሰብኩም ነበር። ማታ ቁጭ ብለሽ «የትኛው ምሳሌ ይቀላቸዋል?» ብለሽ ስታስቢ፣ ያን ጊዜ ነው ለዚያች ልጅ ፍትሐዊ የሆንሽው። ደብተር ሰብስበሽ ሳታርሚ ስትመልሺም የምትጎዳው እሷው ናት። 61 ደብተር በቀን አይታረምም፣ አውቃለሁ። 15 አርሚ፣ በሳምንት ዙሩን ጨርሺ። ያላረምሽውን ግን አትፈርሚ።

አስጠኚ ካልኩ አይቀር። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ማታ ማስጠናትሽ አይቀርም፣ ነውርም የለውም። የራስሽን ክፍል ልጅ በክፍያ ግን አታስጠኚ። ቀን ላይ ለሁሉም ማስተማር ያለብሽን ለማታ ማቆየት ትጀምሪያለሽ፣ ራስሽም ሳታውቂው። በፈተና ሰሞንም ወላጁ የከፈለልሽ ልጅ ወረቀት ስታርሚ እጅሽ ይለሰልሳል። የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ፈልጊ። ድሬ ትንሽ ናት፣ ግን ያን ያህልም ትንሽ አይደለችም።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሰዓት ማክበር፣ የልጅን ቤት ጉዳይ ስታፍ ውስጥ አለማውራት፣ ሃይማኖትንና ብሔርን ወደ ክፍል አለማምጣት። በርጫ ላይ ተቀምጦ የ8 ሰዓቱን ክፍለ ጊዜ የሚረሳ ባልደረባ ይገጥምሻል፤ አብረሽው አትቀመጪ፣ ምክሬ ይኸው ነው።

«መምህርነትን እኔ አልመረጥኩትም» ላልሽው። ቅድም ያነሳሁት የ1986ቱ ፖሊሲ ለመምህርነት ከሚሠለጥን ሰው ችሎታ፣ ትጋት፣ የሙያ ፍላጎት፣ የአካልና የአእምሮ ብቃት ይጠብቅ ነበር። ሦስተኛዋ ናት ያስጨነቀችሽ። የሙያ ፍላጎት ተወልዶ የሚመጣ አይመስለኝም። እኔ ነርስ መሆን ነበር የምፈልገው። ነገር ግን አንዳንድ ሰው ልጆች አጠገቡ ሲመጡ ሰውነቱ ይሸማቀቃል፣ ዓመት ሙሉ ቢያስተምርም ይሸማቀቃል። እንዲህ ያለው ሰው ይተወው፣ ለሱም ለልጆቹም ይሻላል። አንቺ ከዚያ ወገን መሆንሽን ከደብዳቤሽ አላየሁም። 61 መሆናቸውን ቆጥረሽ፣ ቤታቸው ምን እንደሚናገሩ አስተውለሽ፣ አለንጋው ከብዶሽ ነው የጻፍሽልኝ። ልምምድሽን ጨርሺ። ያኔም ልተወው ካልሽ፣ ትተሽ ጻፊልኝ፤ አልቆጣሽም።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ቀፊራ ውረጂ። ሎሚ ከሚሸጡት ሶማሌ እናቶች አንዷ ዘንድ ሂጂና 32 ሎሚ ግዢ። ያን ያህል ሎሚ ምን እንደምታደርጊበት አላውቅም፣ ለጎረቤት ስጪ። ግን «ጮክ ብለሽ ቁጠሪልኝ» በያት፣ ከ21 ጀምሮ ያለውን ደግሞ ደብተርሽ ላይ በፊደላችን ጻፊው። ሰኞ ክፍል ስትገቢ ቁጥሩን ገልብጦ የጻፈ ልጅ ካገኘሽ፣ አጠገቡ ቁጭ በይና በእናቱ ቋንቋ አንብቢለት።